ደመወዝ ሲቆም መጀመሪያ የሚቆረጠው ምንድን ነው? (ጥያቄው ከነምላሾቹ)

ክሩን፣ ማለትም ይህን የኢንተርኔት መድረክ ጥያቄ ከነምላሾቹ፣ የከፈትኩት እኔ ነኝ። የካቲት 2017፣ ሁዳዴ ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ። እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነበር። አሁን መለስ ብዬ ሳነበው ትንሽ ያሳፍረኛል። ግን አላጠፋሁትም። ሰው አሁንም እየመጣ ያንኑ ይጠይቃል፤ ክሩ ደግሞ ረዝሟል። ሁሉን ማንበብ ለሚታክተው፣ ማን ምን እንዳለ በየቁጥሩ ልንገራችሁ።

የጠየቅኩት ይህን ነው። አንድ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት ውስጥ፣ በፕሮጀክት፣ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ገንዘቡ የአሜሪካ መንግሥት ዕርዳታ ነበር። ጥር 12 ቀን 2017 ዋሽንግተን ላይ የውጭ ዕርዳታ ለ90 ቀን ይቁም ተብሎ ተፈረመ። ሳምንቱ ሳያልቅ ሥራ አቁሙ የሚል ትእዛዝ ወደየድርጅቱ ወረደ። ጤና ሚኒስቴር እንኳ በዚሁ ገንዘብ የተቀጠሩ 5 ሺህ ያህል ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ የጻፈው በዚያ ሰሞን ነው። እኛን ሰኞ ጠዋት ሰበሰቡን። ስብሰባው 20 ደቂቃ አልሞላም። ሻይና ቆሎ ቀርቦ ነበር፤ ማንም አልነካውም።

በእጄ ይገባ የነበረው 58 ሺህ ብር ነው። ባለቤቴ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርት ናት፤ የሷ ከ9 ሺህ ትንሽ ከፍ ይላል። 67 ሺህ ይገባበት የነበረ ቤት በአንድ ወር 9 ሺህ ሆነ። ወጪውን እንዲህ ዘረዘርኩት። ሰሚት ያለው ኮንዶሚኒየም ኪራይ 18 ሺህ። የሁለቱ ልጆች ትምህርት ቤት 13 ሺህ፣ ሰርቪሳቸው 4 ሺህ። ዕቁብ 10 ሺህ። ደብረ ብርሃን ላሉት አባቴና እናቴ 4 ሺህ። ለቤት ሠራተኛችን 4 ሺህ። ከዚያ የቪትዟ ቤንዚን አለ፤ ሊትሩ 100 ብር ያለፈው በዚያው ሰሞን ነው። አስቤዛ ገና አልገባም።

ዕቁቡ ደግሞ ኅዳር ላይ ወጥቶልኛል። 12 ሰዎች ነን፤ 120 ሺህ ብር። ግማሹ ለልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ቀሪው ለቪትዟ ካምቢዮ ሄዷል። ገና የስድስት ወር ይቀርብኛል።

ያቀረብኩት ሐሳብ ይህ ነበር፦ መጀመሪያ የቤት ሠራተኛዋን ማሰናበት፣ ቀጥሎ አስቤዛ መቀነስ፣ መኪናዋን ግን እስከ መጨረሻው አለመንካት። ሥራ ለመፈለግ መኪና ያስፈልጋል ብዬ ተከራከርኩ። መጨረሻ ላይ፣ ሥራ መልቀቄን ከባለቤቴ በቀር ማንም እንደማያውቅ፣ ዕቁብተኞቹም አከራያችንም ወላጆቼም እንዲሰሙ እንደማልፈልግ ጻፍኩ። ይቺ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት ክሩን ያስረዘመችው።

1. የመጀመሪያው ምላሽ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ደረሰ። ሌላም ያልተኛ ሰው ነበር ማለት ነው። በዚያው ሳምንት በሌላ ድርጅት ደብዳቤ የደረሰው ነው። ከአይዞህ ሌላ ብዙ ምክር አልነበረውም። አንድ ነገር ግን ጠቆመኝ። እሱም እንደኔ ወጪውን ዘርዝሮ፣ ቀጥሎ ከባንክ መግለጫው ጋር ሲያስተያየው በየወሩ 6 ሺህ ብር የሚሆን ነገር ከዝርዝሩ ውጭ ሆኖ እንዳገኘው። ማኪያቶ፣ የሞባይል ካርድ፣ በቴሌብር የሚላኩ ትናንሽ ብሮች። የሦስት ወር መግለጫ አስወጣ አለኝ። አስወጣሁ። የኔ 7 ሺህ ከምናምን ሆነ። ዝርዝሬ ውሸታም ነበር።

2. አንዲት የሂሳብ ባለሙያ በአንቱታ ጠየቁኝ። ደብዳቤው ላይ የስንብቱ ምክንያት ምን ተብሎ እንደተጻፈ፣ ውሌ ማብቂያ ቀን ያለው መሆን አለመሆኑን፣ ክፍያ ተቀብዬ ፈርሜ እንደሆነ። ይህን ሳያውቁ ስለ ሌላው ማውራት እንደማይፈልጉም አከሉ። ትንሽ ደረቅ መሰሉኝ። በኋላ ሳስበው ከሁሉም በፊት መጠየቅ የነበረበት ይህ ነው።

3. ሦስተኛው በልበ ሙሉነት ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ እንደሚገባኝ፣ ማለትም የአራት ወር ደመወዝ ተቀብዬ እንደምወጣ አበሰረኝ። ለግማሽ ቀን ያህል ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

4. አራተኛው ደስታዬን አፈረሰው፤ ከዚያ በሌላ በር መልሶ ሰጠኝ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ሲከራከር የኖረ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው። ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የሚጨመረው የዚያ ሲሶ፣ ማለትም አሥር አሥር ቀን ብቻ ነው። ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ስለዚህ አራት ዓመት ለሠራ የሚመጣው 60 ቀን ነው። ነገር ግን ስንብቱ የሠራተኛ ቅነሳ ከሆነ ሌላ 60 ቀን ይታከላል፤ የማስጠንቀቂያ ጊዜውም ሁለት ወር ነው። የ3 ቁጥሩ ሰው በስህተት መንገድ ትክክለኛው ቤት ደርሷል ብሎ ቀለደበት። ያልተወሰደ የዓመት ዕረፍትም ወደ ገንዘብ ይቀየራል። ክፍያው በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መጠናቀቅ አለበት፤ የክፍያ ጥያቄ ደግሞ ስድስት ወር ካለፈው በይርጋ ይታገዳል። ውሌ በተጻፈበት ቀን በራሱ ጊዜ ያበቃ ከሆነ ግን ክርክሩ ሌላ እንደሚሆን አስጠነቀቀኝ።

ደብዳቤዬን አውጥቼ አየሁት። ውሌ ገና ሰባት ወር ይቀረው ነበር። ሊያስፈርሙኝ ያዘጋጁት ወረቀት ላይ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያና የ60 ቀን ስንብት ብቻ ተጽፏል፤ ከሥሩ ከዚህ በኋላ ምንም ጥያቄ የለኝም የምትል መስመር አለች። አልፈረምኩም። አምስት ሆነን ማመልከቻ ጻፍን። ውጤቱን ከታች ትሰማላችሁ።

5. ከዚህ ክር አንድ ምላሽ ብቻ አንብቡ ብባል የምመርጠው ይህን ነው። የጻፉት እናት ናቸው፤ ባላቸው አስጎብኚ ነበሩ። መጋቢት 2012 ኮሮና ሲገባ ቱሪስት በአንድ ሳምንት ጠፋ። የቤቱ ገቢ ዜሮ ሆነ። የጻፉት ስለ ቁጠባ አይደለም፤ ስለ ፍሪጅ ነው። በአራተኛው ወር ፍሪጃቸውን ሸጡ። ሰው ለምግብ የተሸጠ ይመስለዋል። የተሸጠው ለሱፍ ነው። ባላቸው የጓደኛቸው ሚዜ እንዲሆኑ አስቀድመው ቃል ገብተው ነበር። ሠርጉ በትንሽ ሰው ይደረግ ሲባል፣ አሁን ገንዘብ የለኝም ማለት አቃታቸው። ሱፍ ተገዛ፣ ስጦታ ተገዛ። ሙሽራው በኋላ ይህን ሲሰማ አለቀሰ አሉ። እሱም በዚያ ሰሞን ተበድሮ ነበር የደገሰው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ዝርዝሬ ውስጥ ትልቁ ወጪ ያልተጻፈው መሆኑን፣ ስሙም ይሉኝታ መሆኑን ነገሩኝ። ለዕቁብተኛ፣ ለአከራይና ለወላጅ ያልተነገረ የገቢ ማጣት ደመወዝ እንዳለው ሰው ያስወጣል። ከሁሉ በፊት ለአከራዬ እንድናገር መከሩኝ፤ ኪራዩ ከማለፉ በፊት እንጂ ካለፈ በኋላ እንዳይሆን።

6. ስድስተኛው 5 ቁጥርን ደገፈ። ዕቁቡንም በዚያው መንገድ ለሰብሳቢው ማሳወቅ እንደሚሻል፣ ለቀሪው ጊዜ ግማሽ ዕጣ እያደረጉ በእጥፍ ጊዜ መጨረስ እንደሚቻል ጠቆመ። በወር 10 ሺህ ለስድስት ወር መሆኑ ቀርቶ 5 ሺህ ለ12 ወር። ሰላማዊ ሐሳብ ነበር። ሰላሙ እዚህ አበቃ።

7. ዕቁብ በልቶ ሲያበቃ ላስረዝም የሚል ሰው ሌባ ነው ብሎ ገባ ሰባተኛው። ንዴቱ ከየት እንደመጣ ቀጥሎ ገለጸ። መርካቶ ውስጥ በየሳምንቱ የሚጣል ትልቅ ዕቁብ ነበራቸው። ለአንድ ጓደኛው ዋስ ሆኖ ፈረመ። ጓደኛው ዕጣው በወጣለት በሦስተኛው ሳምንት ስልኩን ዘጋ። ዋሱ 11 ወር ከሱቁ እየቀነሰ ከፈለ። ጓደኛውን ከዓመት በኋላ አዳማ አግኝቶት፣ ሰውየው ምሳ ልጋብዝህ አለው። ይህን ያነበበ ሰው መሳቅ ይቃጣዋል። እሱ አልሳቀም።

8. ስምንተኛው፣ ስልክ የዘጋን ሰውና መጥቶ ችግሩን የሚናገርን ሰው አንድ ላይ መስፈር አይገባም ብሎ ተከራከረ። 9 ቁጥር ደግሞ ሕጉን ጠቀሰ፤ ዕቁብ ውል መሆኑን፣ ዋስ የፈረመበት ወረቀት ፍርድ ቤት እንደሚቀርብ አስታወሰ። 10 ቁጥር 7 ቁጥርን ስም ጠርቶ ሰደበ፤ አስተዳዳሪው አጠፋው። 11 ቁጥር የጠፋው ምን ነበር እያለ ይጠይቅ ነበር።

12. አሥራ ሁለተኛዋ የሴቶች ዕቁብ ጸሐፊ ናት። ዓመታት ስትጽፍ የታዘበችውን ነገረችን። ችግሩን ሦስት ቀን ቀድሞ የሚናገር ሰው ሁልጊዜ መላ ይገኝለታል፤ አንድ ሰው ተራውን ይለዋውጣል፣ ሌላው ያበድራል። በመጣያው ቀን የማይመጣ ሰው ግን ያለው 50 ብር ቢሆንም ቂም ይተርፈዋል። ወሬው ከገንዘቡ ቀድሞ ስለሚደርስ ነው። ስለዚህ የምመርጠው የምናገርበትን ቀን እንጂ መናገር አለመናገርን እንዳልሆነ አሳየችኝ። በነጋታው ሰብሳቢያችን ቤት ሄድኩ። እሳቸው ደጃፍ ላይ ቆመው፣ አውቀናል እኮ፣ ባለፈው ሳምንት ነው የሰማነው አሉኝ። ሦስት ሳምንት የደበቅኩት ነገር ነው። ባለቤቴ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

13. እስከዚህ ድረስ ብዙው ሰው አዝኖልኛል። 13 ቁጥር አላዘነችልኝም። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ትሰፋ ነበር። ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ ከአጎዋ (ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚያስገባው ዕድል) ስትወጣ የነሱ ሼድ ትእዛዝ ቀነሰ፤ ጥቂት ቆይቶ ተዘጋ። ደመወዟ ከነጉርሻው 2 ሺህ ብር አይሞላም ነበር። አራት ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው፣ አንድ ፍራሽ ላይ ሁለት ሁለት እየተኙ፣ ከዚያችው ላይ ወደ ሶዶ ትልክ ነበር። ሲዘጋ ክፍሉን ለቀው፣ ድስቱን ተካፍለው ተለያዩ። ድስቱ ሁለት ስለነበረ ለአራት እንዴት እንደተካፈሉት አልጻፈችም። እኔም አልጠየቅኩም።

ከዚያ ዝርዝሬን ያዘችው። ካምቢዮ፣ ቤንዚን፣ ሰርቪስ ጽፌ፣ በመጀመሪያው መስመር የምቆርጠው ግን የቤት ሠራተኛዋን መሆኑን አነበበች። ለመኪናዋ ሁለት ዓረፍተ ነገር ክርክር ሲኖረኝ፣ ለልጅቷ አንድም ቃል አልነበረኝም። የ4 ሺህ ብሩ ጫፍ የት እንደሚደርስ፣ ስንት ሰው እንደሚበላበት ጠይቄ አውቃለሁ ወይ አለችኝ። የኔ 58 ሺህ ሲወድቅ የልጅቷ 4 ሺህም እንደሚወድቅ፣ ግን ለሷ ክር የሚከፍትላት እንደሌለ ጻፈች። ሥራዋን ስታጣ እሷም አዲስ አበባ መጥታ ሰው ቤት እንደሠራች መጨረሻ ላይ ነው የገለጸችው።

14. አንዱ የችግር ውድድር አይደለም እዚህ ያለነው ብሎ ቆጣ አለባት። 15 ቁጥር ደሞ በሱ ላይ ተቆጣ። 16 የኔ ነው። ትክክል መሆኗን ጻፍኩ። ልጅቷ አምስት ዓመት እኛ ቤት ኖራለች፤ ሶደሬ ለአንድ ቀን ስንሄድ እንኳ ትንሿ ልጄ ያለሷ አትሄድም። ሆኖም ጠይቄ አላውቅም ነበር። በዚያው ምሽት ጠየቅኋት። ከ4 ሺው 3 ሺህ የሚሆነውን በየወሩ ለእናቷ ትልካለች፤ ታናሽ ወንድሟ በዚያ ብር ይማራል። ሁለት ወር ቀደም ብለን ነገርናት፤ ባለቤቴ በሥራ ባልደረባዋ በኩል ሌላ ቤት አገኘችላት። ደመወዟ እዚያ በ500 ብር ከፍ አለ። ይህን ስጽፍ 13 ቁጥር አውራ ጣት ብቻ ሰጠችኝ፤ ቃል አልጨመረችም።

17. ከቨርጂኒያ የጻፈ ሰው ነው። በፈረንጆቹ 2020 ኮሮና ሲመጣ የኡበር ሥራው በአንድ ቀን ቆመ። እንደሱ ላለው ሹፌርም ጭምር መንግሥት የሥራ አጥ ድጎማ ከፈለ፤ ከመደበኛው ላይ በሳምንት 600 ዶላር ተጨማሪ እስከ ጁላይ መጨረሻ ድረስ ይሰጥ ነበር። መኪና ሲነዳ ከሚያገኘው በልጦ እንደነበር በኀፍረት ተናገረ። እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ስለሌለ የሥራ አጥ መድኑ ዘመድ ነው፣ ዘመድ ውጭ ካለህ አትፈር፣ ጠይቅ አለኝ። በቅን ልቦና ነው የጻፈው።

18. ከዚያው ከአሜሪካ ሌላ ሴት መለሰችለት፤ እሷ በቅን ልቦና አልነበረችም። ሁለት ሥራ ትሠራለች። ስልኳ ሲጮኽ ከቤተሰብ ከሆነ ሆዷ ይረበሻል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር ሲንሳፈፍ፣ ዶላሩ ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ሲያልፍ፣ የምትልከው ዶላር በብር ሲቆጠር እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ጠያቂው ግን ያኔም አልቀነሰም፤ ዕቃውም አብሮ ተወደደ ተባለች። ውጭ ያለን ዘመድ እንደ ባንክ ማሽን የሚቆጥር ሰው ቢያንስ ማሽኑ ካርድ እንደሚውጥ ይወቅ ብላ ደመደመች። ከሁሉም ምላሾች ብዙ አውራ ጣት ያገኘው ይህ ነው። እኔም ሰጥቻታለሁ፤ ምክንያቱም በዚያው ሳምንት ለጀርመኑ የአጎቴ ልጅ የጻፍኩት ያልተላከ መልእክት ስልኬ ላይ ነበር።

ከ19 እስከ 24 ያለው ስለ ጥቁር ገበያና ስለ ባንክ የምንዛሪ ልዩነት ነው። ማን ሕገወጥ እንደሆነ ተከራከሩ። ልዝለለው። ለቤት ኪራይ የሚፈይደው የለም። 25 ቁጥር ወደ ነገራችን እንመለስ ያሉ የተከበሩ አዛውንት ናቸው። ተመልሰው ግን ስለ ራሳቸው ጡረታ ነው ያወሩት። በመሃል አንድ ሰው ከደመወዙ የተቆረጠችውን 7 በመቶና ድርጅቱ የሚያዋጣውን 11 በመቶ አሁኑኑ ማውጣት እችላለሁ ወይ ብሎ ጠየቀ። አዛውንቱ፣ ጡረታ እንደ ፕሮቪደንት ፈንድ ሥራ በለቀቁ ማግስት የሚመዘዝ አለመሆኑን፣ ቀጣዩ መሥሪያ ቤት ላይ ግን አገልግሎቱ እንደሚቀጥል በትዕግሥት አስረዱት።

26. የትምህርት ቤቱን ነገር ያነሳችው እሷም መምህርት ናት። የልጆቼ ክፍያ 13 ሺህ፣ የባለቤቴ ደመወዝ 9 ሺህ። ይህን ጎን ለጎን ጽፌው ሳለ አላየሁትም ነበር። ባለቤቴ የሰው ልጆች ስታስተምር የምታገኘው፣ የራሷን ልጆች ሌላ ሰው እንዲያስተምርላት ከምንከፍለው ያንሳል። መምህርቷ ይህን እየሳቀች ነው የጻፈችው። ባለቤቴ ስታነበው አልሳቀችም። ስምንት ዓመት ሙሉ ያልተናገረችውን ነገረችኝ። ልጆቻችን እሷ በምታስተምርበት ትምህርት ቤት እንዳይገቡ ስወስን፣ ባልደረቦቿ ፊት ምን ያህል እንዳነሰች። እኔ ለእንግሊዝኛቸው ብዬ ነበር። ከድምፅዋ በላይ የሰማሁት፣ ያን ቀን ወጡን ሁለት ጊዜ ጨው መጨመሯን ነው።

መምህርቷ ጠቃሚውንም አልረሳችም። አዲስ አበባ ውስጥ በመንግሥት ትምህርት ቤት ቁርስና ምሳ አለ፤ ዩኒፎርምና ደብተርም ይሰጣል። ያ ብቻውን ለሁለት ልጅ በወር የሚተርፈው ቀላል አይደለም። ግን በዓመቱ መሃል ከመዛወር ሰኔ ማስጨረስ ይሻላል። የግል ትምህርት ቤቱ ላይ ዕዳ ካለ ደግሞ መሸኛ እስኪሰጥ ያጉላላል፤ ስለዚህ ከሌላው ዕዳ በፊት ይህን መዝጋት።

27. ወዲያው አንድ አባት ልጅን ከግል ወደ መንግሥት ማውረድ የልጁን ዕድል መሸጥ ነው ብሎ ጮኸ። ማውረድ የሚለውን ቃል ተጠቀመ። 28፣ 29 እና 31 መምህራን ነበሩ፤ ያችን ቃል ይዘው አልለቀቁትም። 30 ቁጥር ፎቶ ነው፤ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ 62 ተማሪዎች። ማንን ለመደገፍ እንደለጠፈው እስካሁን አልገባኝም።

32. በመጨረሻ የመኪናዋ ተራ ደረሰ። 32 ቁጥር ራይድ ላይ አሰማራት አለኝ። 33 አረመው፤ የኔ ኮድ 2 ናት፣ ለዚያ ሥራ ኮድ 3 ያስፈልጋል፣ ታርጋ ማስቀየር ደግሞ ጊዜም ገንዘብም ይፈጃል። 34 ሹፌር ነው። ቀኑን ሙሉ ሠርቶ ከቤንዚን፣ ከኮሚሽንና ከጎማ በኋላ ማታ የሚቆጥራትን ብር ጻፈልን። ከዚያ በኋላ የራይድን ሐሳብ ማንም አላነሳም። 35 ቁጥር ግን ክርክሬን በአንድ ጥያቄ ጨረሰው። ባለፈው ወር ለሥራ ፍለጋ መኪናዋን ስንት ቀን እንዳስነሳኋት ጠየቀኝ። ቆጠርኩ። ሦስት ቀን። አንደኛው ቀን ለቅሶ ነበር።

36. ፋሲካ እየቀረበ ስለነበር ክሩ ወደ ቅርጫ ነጎደ። አንዱ በዚህ ዓመት ቅርጫ አልገባም ብሎ ጀመረ፤ ከዚያ ስለ በሬ ዋጋ፣ ስለ ዶሮ ዋጋ፣ ሩብ ቅርጫ ይቻላል አይቻልም እያሉ እስከ 44 ደረሱ። 40 ቁጥር የረመዳን ጾም ላይ የነበረ ሰው ነው፤ ለኢፍጣር ሳምቡሳ በምስር ብቻ እየጠቀለሉ እንደሆነ፣ ልጆቹ ሥጋ የሌለበት መሆኑን እስከ አራተኛው ቀን እንዳልነቁ ጻፈ። እኛ ቤትማ ሁዳዴ ነው የደረሰልን። 55 ቀን ሙሉ ሥጋ ለምን ጠፋ ብሎ የጠየቀ ልጅ አልነበረም። ሽሮ ሲበዛ ብቻ ትልቁ፣ ጾሙ መቼ ነው የሚፈታው እያለ ቀን ይቆጥር ነበር።

45. አንዱ ባለ ክሩ የት ገባ፣ ምን ላይ ደረሰ ብሎ ሲጠይቅ ግንቦት ነበር። 46 ቁጥር ሆኜ መለስኩ። ድርጅቱ ማመልከቻችንን አይቶ በሦስተኛው ሳምንት ተጨማሪውን 60 ቀን ከፈለን፤ የቀረውን የማስጠንቀቂያ ወርም ጨመረ። ከአምስታችን አንዱ ቀድሞ ፈርሞ ስለነበር ብዙ ተጉላላ። አከራያችን ለሦስት ወር 3 ሺህ ብር ቀነሱልን፤ ከዚያ በላይ እንደማይችሉ፣ እሳቸውም በኪራዩ እንደሚኖሩ ነገሩኝ። ዕቁቡን በግማሽ ዕጣ ተስማማን። ወላጆቼን ራሴ ደብረ ብርሃን ሄጄ ነገርኳቸው። አባቴ ምንም አላሉም። ሲመሽ እናቴ ማዳበሪያ ውስጥ ግማሽ ኩንታል ጤፍ አስጭነው ላኩኝ። አራት ዓመት ሙሉ 4 ሺህ ስልክላቸው ጤፍ አላቸው ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ቪትዟን ሚያዝያ ላይ፣ በፋሲካ ማግስት ሸጥኳት። ደላላው ሁለት በመቶውን ወሰደ። ልጆቹ ሰኔ ላይ ይጨርሱና መስከረም ከእናታቸው ጋር በእግር ይሄዳሉ አልኩ።

47. አምስት ቁጥሯ እናት ተመልሰው መጡ። የሸጡት ፍሪጅ ዛሬም እንዳልተተካ፣ ጎረቤት ቤት በረዶ እየለመኑ እንደሚኖሩ፣ ሱፉ ግን ቁምሳጥን ውስጥ ተሰቅሎ እንዳለ ጻፉ። ባላቸው ወፍረው አይገባቸውም።

48. አንድ ሰው በሰባተኛው ቁጥር የተጻፈው የአዳማው ጓደኛ እሱ መሆን አለመሆኑን በዘዋራ ጠየቀ። ዕቁቡ በየሳምንቱ ሳይሆን በየአሥራ አምስት ቀኑ እንደነበርና የተቀረውም ሐሰት እንደሆነ ገለጸ። 49 ላይ 7 ቁጥር ስልክ ቁጥሩን እንዲልክለት ጠየቀው። ከዚያ በኋላ ሁለቱም በዚህ ክር አልታዩም።

50. ሥራ አገኘህ ወይ የሚል ነው። ሐምሌ ላይ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ገባሁ፤ በእጄ የሚደርሰው 24 ሺህ ነው። ሰኔ 24 ቀን የአሜሪካው የዕርዳታ ድርጅት በይፋ ሥራውን ሲያቆም ዜናውን ያየሁት አዲሱ ቢሮ ለቃለ መጠይቅ ተቀምጬ ስጠብቅ ነበር። አጠገቤ ተቀምጠው የሚጠብቁት ሦስቱም ከኔው ዓይነት ድርጅት የወጡ ናቸው። አንዷ የቀድሞ አለቃዬ ነበረች። መጀመሪያ የተጠራችው እሷ ናት።

51. ቪትዟ አለች ወይ፣ የመጨረሻ ዋጋዋ ስንት ነው የሚል ነው። መሸጧን ነገርኩት።

52. ያው ሰው ነው። ካምቢዮዋ አዲስ ነው ወይ አለኝ።